የፊት ወዝ ንቅናቄ በእጃጂ

አንድ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ፊት መጨነቅ ሲጀምር ሕዝቡ ደስ ሊለው ይገባል። በእጃጂ ከተማ የሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት (ስሙን ተዉት፤ ስሙ ብቻውን አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል) የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ይህንን ጭንቀት በዕቅድ አስደግፎ፣ ማኅተም አሳርፎበት ሥራ ጀመረ።

መነሻው ማኅሌት የምትባል የቤተ ሙከራ ባለሙያ ከአምቦ መጥታ ያደረገችው ገለጻ ነው። በአቮካዶ ቅጠል ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባል፣ ቆዳ ቶሎ እንዳያረጅ የሚረዳ ነገር አለ፤ እሱን አውጥቶ የፊት ቅባት መሥራት ይቻላል አለች። ለሙከራ ግማሽ ኪሎ ቅጠል ጠየቀች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ጉርሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ግማሽ ኪሎ?»

«ይበቃኛል። ከየዛፉ ጥቂት ጥቂት ብቻ።»

«እህቴ፣ በግማሽ ኪሎ ንቅናቄ አይጠራም።»

ሃያ ኩንታል ተባለ።

በከተማው ትልቁ አቮካዶ የቆመው አዴ ባየሽ የሚባሉ እናት ግቢ ነው። አዴ ባየሽ ሌላ ዛፍም ሌላ ሥራም የላቸውም፤ ፍሬውን መንገድ ዳር ይዘው ወጥተው ለነቀምቴ ተሳፋሪ ይሸጣሉ። የንቅናቄው አስተባባሪ ተሬፋ መሰላል ይዞ ሲመጣ ከግንዱ ሥር ቆሙ።

«አንተ ተሬፋ፣ ቅጠሉን ከጨረስከው ፍሬው በምን ያድጋል?»

ተሬፋ መሰላሉ ላይ ሆኖ ወረቀቱን ገለጠ። «ፍሬ በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ የለም፣ አዴ።»

ሲመሽ ዛፉ የተነጨ ዶሮ መሰለ። ከሌሎቹ ግቢዎች ቅጠል ጋር ተደምሮ አፈጻጸሙ መቶ አራት በመቶ ሆነ። ማኅሌት ግማሽ ኪሎዋን በፌስታል ይዛ ወደ አምቦ ተመለሰች፤ የቀረው መጋዘን ገብቶ፣ በሩ ታሽጎበት፣ በክብር በሰበሰ።

ከወር በኋላ አንድ ብልቃጥ ቅባት ከአምቦ ተላከ። ላደረጉት አስተዋጽኦ ለአዴ ባየሽ በአዳራሽ፣ በጭብጨባ ተሰጣቸው።

«ምን ያደርጋል ይሄ?» አሉ።

«የደከመውን ያድሳል፣ የደረቀውን ያለመልማል» አሉ ኦቦ ጉርሙ።

አዴ ባየሽ ቤታቸው ገብተው ዙሪያቸውን ቃኙ። በግቢው ውስጥ ከአቮካዶው የባሰ ደረቅ ስላላገኙ ግንዱን ቀቡት። ጎረቤት ሳቀ። ከዚያ ክረምት ገባ፤ ዛፉ አቆጠቆጠ፣ ለመለመ። ዝናብ ሪፖርት ስለማያቀርብ ውጤቱ ለቅባቱ ተመዘገበ። ማኅሌት ደውላ «ኧረ እሱ ለፊት ነው፣ ለግንድ አይሠራም» ብትልም፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያዋም አስተያየት ሰጥታለች» ተብሎ ተጻፈ።

ቅባቱ ቅጠል ካበቀለ ቅጠሉ ደግሞ ቅባት ይሆናልና ሁለተኛ ዙር ታወጀ። በዚህኛው ኦቦ ጉርሙ ራሳቸው መጡ፤ ተሬፋ ከኋላ መሰላሉን ተሸክሟል። አዴ ባየሽ አዲሱን ቅጠል አዩ፤ ከዚያ ኃላፊውን አዩ።

«ኦቦ ጉርሙ፣ እስቲ ባርኔጣዎን ያውልቁልኝ።»

አወለቁ። አናታቸው ወንጪን ይመስላል፤ መሐሉ ሐይቅ፣ ደን ያለው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው።

«ከቅባቱ ትንሽ ተርፎኛል» አሉ አዴ ባየሽ። «ደረቅ ግንድ ላይ ይሄን ያህል ካበቀለ…»

ተሬፋ የመሰላሉን ደረጃዎች ይቆጥር ጀመር። ኦቦ ጉርሙ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በስንት ጊዜ ያበቅላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከዛፉ ጋር እያስተያዩ ማወቅ ነው እንጂ። ዛፉ ከተነጨ ግን ከምን ጋር ያስተያዩታል?»

በማግስቱ ደብዳቤ ወጣ፦ «የሁለተኛው የሙከራ ቦታ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ፣ ከመጀመሪያው የሙከራ ቦታ አንድም ቅጠል እንዳይነካ በጥብቅ እናሳስባለን።»

አዴ ባየሽ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው ግንዱ ላይ አሰሩት። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ተሬፋ ሰኞ ሰኞ ማስመሪያ ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ ይገባል፤ ሲወጣም መዝገቡ ላይ «በመብቀል ሂደት ላይ» ብሎ ይፈርማል።

ሐሰት ነው የሚል ካለ ገብቶ የኃላፊውን ባርኔጣ ያስወልቅ።