በሦስት ሰዓት የጮኸው ጡሩንባ

በእኛ ከተማ ሰዓት ሁለት ዓይነት ነው፤ የስብሰባ ሰዓትና የልቅሶ ሰዓት። «ስብሰባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀመራል» ተብሎ በባጃጅ ላይ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ ሰሚው ሁሉ በሆዱ ያሰላል። ሦስት ሰዓት ማለት ሊቀመንበሩ ከቤታቸው የሚወጡበት ነው፤ ሦስት ተኩል ወንበር ይደረደራል፤ አራት ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ነው እንግዲህ በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው። ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ የተገኘ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ጠብ አለ።

ልቅሶ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእድሩ ጡሩንባ አንዴ ሲጮህ፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ ሌላውን በእጁ ይዞ የሚሮጠው ሰው፣ ያ ስብሰባ ላይ አርፍዶ ገብቶ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው ሰውዬ መሆኑን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አልፈርድበትም። ስብሰባ ይጠብቃል፤ ሬሳ አይጠብቅም።

እኔ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ለሰው ካላስረዳሁ ደግሞ ሆዴን ይነፋኛል። ባለፈው ግንቦት የያዝኩት ስለ ጎርፍ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ፣ በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስለ ክረምት አደጋ ቅድመ ዝግጅት የሕዝብ ውይይት ጠራ። ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ሰፈራችን ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከአንድ ጅረት ዳር ናት። በበጋ ዶሮ እግሯን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች፤ በሐምሌ ግን ማንም ደፍሮ ጅረት አይለውም። አፋፉ ላይ የአያ ደርሶ ቤት አለ። አያ ደርሶ ማክሰኝት ወፍጮ ቤት እህል ሲፈጩ ኖረው ያረጁ፣ ሚስታቸው ያረፉባቸው፣ ልጆቻቸው ባሕር ዳር የቀሩባቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ዓምና ውኃው ከደጅ ገብቶ የአልጋቸውን እግር አጥቦ ነው የተመለሰ። ዘንድሮ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ወይም ማወቅ የማይፈልጉት።

«አያ ደርሶ፣ ሰማዩ ሲከብድ እትዬ አበቡ ቤት ይጠጉ። ከሁሉም ቅርብ፣ ከሁሉም ከፍ ያለ እሱ ነው» አላቸው ውይይቱ ላይ ከከተማው አስተዳደር የመጣው ባለሙያ። ምስኪን፣ የሰፈሩን ታሪክ አያውቅም። እትዬ አበቡ ከአያ ደርሶ ቤት በላይ፣ ከድንጋዩ ካብ ላይ ነው የሚኖሩት፤ የጣሪያቸው ውኃ ደግሞ አያ ደርሶ ግቢ ውስጥ ነው የሚያርፈው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ስንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት እንደ ባለጋራ ነው።

«የሷ ጣሪያ ግቢዬን ሲያርሰው ኖሮ፣ ከጎርፉ ሸሽቼ ወደ ጎርፉ እናት ልሂድ?» አሉ አያ ደርሶ። አዳራሹ ሳቀ።

«ደጄ ክፍት ነው» አሉ እትዬ አበቡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «እግር ስሜ ግን አልለምንም።»

«ማን ለምኚ አለሽ? ጎርፉ ለእኔ እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ይመጣል፣ ቤቴን አይቶ ይሄዳል። እኔ ከቤቴ አልወጣም።»

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው በምን ይሰማ የሚለው ተነሳ። ይሄኔ ብድግ አልኩ። ሳይረን ውድ መሆኑን አስረዳሁ፤ መብራት ሲጠፋ ስልክ አብሮ እንደሚሞት አስረዳሁ፤ ከዚያ «ጡሩንባ አለን አይደል?» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ልምምድ ሊደረግ ተወሰነ፤ ጡሩንባው ከጅረቱ ዳር ሲነፋ ሰው ሁሉ ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሊወጣ።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔና ባለሙያው ሜዳው ላይ ቆመን እንጠብቃለን። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅምና፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲል ነፋው። ጠበቅን። ሜዳው ላይ የነበርነው እኔ፣ ባለሙያውና የማን እንደሆነች ያላወቅናት አህያ ነን። ሌላ ማንም አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ ከታች የሴቶች ለቅሶ ተሰማ።

ቁልቁል ሮጥኩ። አያ ደርሶ ደጅ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ግማሽ ተክለዋል፤ አግዳሚ ወንበሩ ከላይ በትከሻ እየወረደ ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ልምምዱ ሦስት ሰዓት ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ሊሆን አይችልም። ሦስት ሰዓት ላይ የጮኸ ጡሩንባ እንግዲህ የእውነት ነው። ድምፁ የመጣው ከጅረቱ ወገን፤ አያ ደርሶ ደግሞ በልምምዱ አኩርፈው በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ተኝተዋል። የተዘጋ በር፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ የእድር ጡሩንባ። ሌላ ምን ይታሰባል?

ከሁሉ ፊት ደረታቸውን እየደቁ የሚያለቅሱት እትዬ አበቡ ናቸው፦

«ደርሶ ጎረቤቴ፣ ሳትል ደህና ሁኚ፣
ማን ይለኛል ዛሬ፣ ጣሪያሽን አቅኚ።»

በሩ ተከፈተ። አያ ደርሶ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉ። ድንኳኑን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ ሰዉን አዩ።

«ማን ሞተ?»

 የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እርስዎ መስለውን ነበር» አሉ።

 አያ ደርሶ ወደ እትዬ አበቡ ዞር አሉና፣ «አበቡ፣ ምነው አቋረጥሽው? ሸጋ ሙሾ ነበር። ጨርሽው እንጂ» አሉ።

«ለቆመ ሰው አይለቀስም» አሉ እትዬ አበቡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ጣሪያዬንም አላቀናም።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የመጣው ንፍሮ አይመለስምና ተቀምጠን በላን፤ አያ ደርሶም ከራሳቸው ንፍሮ ደህና አድርገው ዘገኑ።

ባለሙያው ዘግይቶ ወርዶ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ከአደጋ መሸሽ ሲገባው ወደ አደጋው ነው የሮጠ» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ያነበብኩት እንደዚያው ነው። ግን መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች እድር የላቸውም መሰለኝ። የእኛ ሰው ጡሩንባ ሲሰማ የሚጠይቀው «የት ልሽሽ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ቤት ነው?» ብሎ ነው። ይህንን አመል በአንድ ስብሰባ ልታስተዉት አትችሉም። ለማንኛውም እቅዱ ተሻሻለ፤ ሁለት ጎረምሶች አያ ደርሶን ሊያወጡ፣ ሌላው ሰው ሽቅብ ሊወጣ። አያ ደርሶ ግን እሺም እንቢም አላሉም።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በወለቃ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ጅረቱ ማጉረምረም ሲጀምር ጡሩንባው ተነፋ። ሰፈሩ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ተጠራርቶ ቁልቁል ሮጠ። እኔም አብሬ፤ ያንን ሁሉ ያስረዳሁት ሰውዬ። በሩን ደበደብን፣ ገነጠልነው፣ ገባን። ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው እንኳ የለም። ውኃው ቁርጭምጭሚታችንን ያዘን።

«ምነው እናንተ፣ ጎርፍ ነው የተባላችሁ ልቅሶ?»

ቀና አልን። አያ ደርሶ ከካቡ ላይ፣ ከእትዬ አበቡ ደጅ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሳጥናቸውም አልጋቸውም ከኋላቸው። ለካ ጡሩንባው ሳይነፋ፣ ደመናው ገና ሲያንዣብብ ነው የወጡት። በከዘራቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ አወጡን። «አንተ አስረጂው፣ በቀኝ በኩል ውጣ፤ ያ ድንጋይ ያዳልጣል!»

ማታውን ውኃው የቤታቸውን አንዱን ግድግዳ ይዞት ሄደ። ሰው ግን አልነካም።

በኋላ ጠየቅኋቸው። «አያ፣ ምን ሐሳብዎን አስቀየረዎት?»

«ሰው ከሞተ በኋላ የሚባልለትን እኔ በቁሜ ሰማሁት» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ማኩረፉ ምን ይረባኛል?»

መስከረም ሲጠባ ወጣቶቹ ተሰብስበን ግድግዳውን ሠራንላቸው፤ ጭቃውን መረግን፣ በሩን መለስን። «ይድረቅ» አሉ። ደረቀ። «ደህና አድርጎ ይድረቅ» አሉ። እትዬ አበቡም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እርጥብ ቤት ለሽማግሌ ጥሩ አይደለም» ይላሉ። ጎርፉ ከወረደ ሰንብቷል። አያ ደርሶ ግን ገና አልወረዱም።