መለኪያው ክንዴ

መለኪያ ይዞ የሚዞር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ በየወሩ በደም ሥሬ መድኃኒት የምወስድበት ክሊኒክ ውስጥ አገኘኝ። አዲስ ተመራቂ ነርሶች በአንጋፋ ነርስ ሥር ሆነው ሲሠሩ ምን ያህል እንደተለወጡ ሊለካ ነው የመጣው።

«ከአንድ እስከ አምስት፣ ነርስ አስቴር ስንት ናት?» ይላል፣ መርፌ የምትወጋንን አዲሷን ነርስ እየጠቆመ።

ከሸዋ ቤንች የመጡት የአልጋ ጎረቤቴ ክንዳቸው በመርፌው አብጦ ሳለ፣ «ተመስገን ነው፤ አምስት!» አሉ። በእኛ አገር የሚያቃስት ሰው እንኳ «ደኅና ነኝ» ሳይል መቼ ይተነፍሳል? እኔም ጀግናው (መርፌ ሳይ ዓይኔን የምጨፍነው ለጸሎት ነው) አምስት ልል አፌን ከፈትኩ።

አስቴር ጆሮዬ ላይ አጎነበሰች። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩት እንጂ! ሁሉም አምስት ካለ፣ ‹አዲሶቹ በቅተዋል› ብለው አለቃችንን ሲስተር አልማዝን ወደ ማሻ ከተማ ሊወስዱብን ነው። እኔ የሕፃን ደም ሥር ገና በአንዴ አላገኝም።»

ይሉኝታዬን ዋጥኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ስማ ልጄ፣ ይህን ጻፍ። በመጀመሪያው ወር አራት ቦታ ወጋችኝ፣ በሦስተኛው ሁለቴ። ዛሬ አንዴ፣ ያውም ዓይኔን ሳልገልጥ አለቀ። ሲስተሯ አጠገቧ ስላለች ነው። ሕፃን ላይ ግን ገና ናት። ስለዚህ ሦስት!»

ሰውዬው ከቁጥሩ ጎን ምክንያት ሲጽፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ሲስተር አልማዝ ማሻ አልሄደችም። አስቴርም በቀደም የአንድ ሕፃን ደም ሥር በአንዴ አገኘች። ጎረቤቴ ግን እስካሁን፣ «ልጅቷን በሦስት አዋረድካት!» እያሉ፣ አሁን እብጠቱ የጠፋለትን ክንዳቸውን እያወዛወዙ ይቆጡኛል።