ወደ ድልድዩ የሄደው ጀሪካን

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው ይባላል። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ባየው ይቀለኛል፤ ፍርሃት ሁሉ የራሱ ሰው አለው፤ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ቤቱንም አይስትም። እኔን ካገኘኝ ቆይቷል። ውሻ እፈራለሁ፣ ገደል እፈራለሁ፣ ርእሰ መምህሬን እፈራለሁ። ጠመንጃን ግን ለብቻው ነው የምፈራው። እናንተም በነዚህ ዓመታት እዚህ አገር ከኖራችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ስትደርሱ ዓይናችሁን የት እንደምታሳርፉት ይቸግራችኋል። ብታዩት «ምን ታየኛለህ?» ነው፤ ባታዩት «ምን ደብቀሃል?» ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ወታደር የሚጠብቀው ድልድይ አጠገብ አሣ ሊያጠምድ ምን ወሰደው ብትሉ፣ መልሱ ጋሼ ምስጋናው ናቸው።

ጋሼ ምስጋናው ላሊበላ ውስጥ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ጣና ዳር አናጢ ሆነው ሲሠሩ መረብ መጣል ተምረው መጡ። በእኛ በላስታ አሣ አጥማጅ ብርቅ ነው፤ እኛ የምናውቀው ገብስና በግ ነው። በጾመ ነቢያት አሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ካህናቱን ሳይቀር ለሁለት ከፍሏል፤ ጋሼ ምስጋናው ክርክሩ እስኪያልቅ እየበሉ መጠበቅን መርጠዋል። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ተከዜ ሃያ ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን እግሬን አልነከርኩበትም። ይህን ያወቁ ዕለት «አንተ ወንዙን የምታውቀው በጠመኔ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ፈሪን ከቤቱ የሚያወጣው እፍረት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተከዜ ወረድን። ድልድዩን ወታደሮች ይጠብቁታል። ከላዩም ከታቹም በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከነዚያ ወዲያ መራመድም መዋኘትም ማጥመድም ክልክል ነው። ክልከላውን አሣዎቹም ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ድልድዩ ሥር ገብተዋል። እኛ ግን ከድንጋዮቹ እጅግ ርቀን፣ ከላይ በኩል መረባችንን ጣልን። ለባለቤቴ ለብርቄ ወደ ድልድዩ ዝር እንደማንል ምዬላት ነበር።

መረቡ አንዱ ጫፉ ከግራር ሥር ታስሯል። ሌላው ጫፉ ውኃው ላይ እንዲንሳፈፍ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የዘይት ጀሪካን ተደርጎለታል። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ አምባዛ ገባና ተንፈራገጠ፤ ገመዱ ተበጠሰ። መረቡም አሣውም ጀሪካኑም ተያይዘው ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሄዱ።

«ይቅር ጋሼ» አልኩ።

«በእጄ የቋጠርኩትን?» አሉና ዳር ዳሩን ተከተሉት። እኔም ተከተልኳቸው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ አይሆንም፤ እኔ ገደሉን አሳምሬ እያየሁ ነበር።

ጀሪካኑ የኖራ ድንጋዮቹን ማንንም ሳያስፈቅድ አለፈና የድልድዩ ምሰሶ ላይ ተለጠፈ።

«ቁም! እጅ ወደ ላይ!»

ከድልድዩ ላይ አራት አፈሙዝ ወደ እኛ ዞረ። እጄን አነሣሁ። አሥር አለቃው፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ቀጭን ወጣት፣ ወርዶ ፊታችን ቆመ።

«ያ ቢጫ ነገር ምን አለበት?»

«አየር» አልኩ።

«ምን ዓይነት አየር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪዎቼ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጋሼ ምስጋናው ስለ መረቡ በእርጋታ ማስረዳት ጀመሩ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከጀሪካኑ አልነቀለም። መንገዱ ተዘጋ። ከአንድ ሚኒባስ ሰው ሁሉ ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ነጠላቸው የወደቀባቸው አሮጊት እንኳ ዞረው አላነሡትም።

«መረብ ከሆነ ሄደህ አምጣው» አለኝ።

«እኔ ልሂድ። እሱ ዋና አይችልም» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ፣ አባት።»

ገባሁ። የታኅሣሥ ውኃ አጥንት ይሰብራል። ደረቴ ድረስ ሲደርስ አንድ የማላውቀው ሐሳብ መጣብኝ፦ ግን ጀሪካኑን ጠዋት ከፍቼ አይቼዋለሁ? አላየሁም። ከጓሮ ያመጡት ጋሼ ናቸው። ማን ያውቃል? ሃያ ዓመት በግድግዳ የተጎራበትኳቸውን ሰው፣ አራት አፈሙዝ ጀርባዬ ላይ ስለተደቀነ ብቻ ተጠራጠርኳቸው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚነጥቃችሁ ወዳጃችሁን ነው።

እጄን ስዘረጋ ጀሪካኑ ዘለለ።

ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመካከል ጀመርኩ። የጎተተው አምባዛው ነበር። መረቡን ከነጓዙ እየጎተትኩ ወጣሁ። «ክፈተው» አለ አሥር አለቃው፣ ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ። ጣቶቼ ደንዝዘው ክዳኑ አልዞር አለኝ፤ በጥርሴ ከፈትኩት። የቆየ ዘይት ሸተተ። ሌላ ምንም።

አሥር አለቃው መጥቶ ጀሪካኑን ገለበጠው፣ አየው፣ አስቀመጠው። ባዶነቱን አይቶም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀው።

«ባለፈው እንዲህ ያለ ጀሪካን ጓደኛዬ ከመንገድ ላይ ላንሣው ብሎ…» አለ።

አልጨረሰውም። እኛም ጨርሰው አላልነውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የሚስቅበት ግን እባቡን ያላየ ነው።

ጋሼ ምስጋናው አምባዛውን አንሥተው «እንካ ልጄ፣ ለጓዶችህም ይሁን» አሉት። ወታደሮቹ ተያዩ። ከማያውቁት ሰው የመጣ አሣ ማን ይበላል? እኛም ይዘን እንሂድ ለማለት ድፍረቱ አልነበረንም። አሣው ጠጠሩ ላይ በመካከላችን ተጋድሞ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ንስር ወርዶ ይዞት ሄደ። መረቡንም ጋሼ ራሳቸው፣ ዳግም ላለመምጣታችን መያዣ ይሁን ብለው ለአሥር አለቃው ተዉለት።

ዳገቱን ስንወጣ ጋሼ አንድ ቦታ ቆም ብለው «ጠዋት ጀሪካኑን አሳይቼህ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አሉኝ። ለካ ውኃው ውስጥ ምን እንዳሰብኩ ገብቷቸዋል። ቦርሳቸውን ተቀብዬ ተሸከምኩላቸው።

ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ብርቄ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ ነጥቷል።

«ሰማህ? ሁለት ሰዎች ድልድዩን በጀሪካን ሊያፈርሱ ሲሉ ደረሱባቸው። አንደኛው ሽማግሌ መስሎ የለበሰ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሠለጠነ ዋናተኛ ነው አሉ፤ ውኃ ውስጥ እንደ አሣ ነው።»

«ተያዙ?» አልኳት።

«ዋናተኛው አምልጧል። ወደ እኛ ሰፈር መጥቷል ይላሉ።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እንደገና አሰብኩት። እንደዚያ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ በምን ይታወቃል?

ገብቼ በሩን ቀረቀርኩት።