አፍ ሙሉ ምስማር

(የሶፋ ማደሻ ቤት። አንጀቱ የተዘረገፈ አሮጌ ሶፋ መሃል ወለሉን ይዟል፤ ሞላው ፈጥጦ ወጥቷል፣ ስፖንጁ ተቦጫጭቋል። ባለቤቱን ሰዉ ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ ቀልድ መሆኑን እስከ ዛሬ አልደረሰበትም። አብሮት የሚሠራው ጭምቱ ነው፤ እሱ እንኳ ስሙ ልክ ነው። ነገ እሑድ በሊቁ ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱ ምእመን ወንጌል ያልደረሰውን አንድ ሰው ይዞ መጥቶ በጉባኤው ፊት አብሮት ይቆማል። ሐሳቡን ያመነጨው ሊቁ ነው፤ ያስወሰነው ሊቁ ነው፤ እስካሁን ሰው ያላገኘውም ሊቁ ብቻ ነው። የቀረችው ተስፋ ከስሱ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ግድግዳ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ጭምቱ ለልምምድ እሷን ሆኖ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።)

ሊቁ፦ እንደሱ አትቀመጥ አልኩህ እኮ! ሴትዮዋ እንደሱ አትቀመጥም።

ጭምቱ፦ ታዲያ እንዴት ነው የምትቀመጠው?

ሊቁ፦ ወንጌል እንዳልሰማ ሰው!

ጭምቱ፦ ወንጌል ያልሰማ ሰው እግሩን ያነባብራል ወይስ ይዘረጋል?

ሊቁ፦ ኤጭ! እግርህን ተወውና ፊትህን አስተካክል። ጨለም ይበል። ነፍስህ ዕረፍት አጥታለች።

ጭምቱ፦ (ፊቱን አጨማዶ) እንዲህ?

ሊቁ፦ እሱ የሆድ ቁርጠት ነው።

ጭምቱ፦ እኔን ነፍሴ ዕረፍት ስታጣ ሆዴን ነው የሚለኝ፤ ምን ላድርግ ጋሼ።

ሊቁ፦ በቃ ተወው። እኔ ልግባ። (ወጥቶ ይመለሳል፤ ድምፁን ያወፍራል) እንዴት ዋልሽ እህቴ! ሞትሽን አስበሽው ታውቂያለሽ?

ጭምቱ፦ (ድምፁን አቅጥኖ) ኡኡ! የጎረቤት ያለህ!

ሊቁ፦ ምን ያስጮህሃል?

ጭምቱ፦ እንዴ! ወንድ በሬን በርግዶ ገብቶ ስለ ሞቴ ሲያወራኝ ዝም ልበል?

ሊቁ፦ መግቢያ ነው እኮ! ነፍስን መቀስቀሻ!

ጭምቱ፦ ተቀስቅሻለሁ። ከእንግዲህ እንቅልፍ የሚወስደኝም አይመስለኝ።

ሊቁ፦ እሺ፣ በለስላሳው መንገድ እንሂድ። እህቴ፣ ይህች ዓለም ምን ትመስልሻለች?

ጭምቱ፦ ደህና ናት።

ሊቁ፦ ደህና አይደለችም!

ጭምቱ፦ ጠየቅከኝ እኮ።

ሊቁ፦ የጠየቅኩህ እንድትመልስ አይደለም!

ጭምቱ፦ ታዲያ ለምንድን ነው?

ሊቁ፦ እኔው እንድመልሰው ነዋ! የምስክርነት ጥበቡ እሱ ነው። ትጠይቃለህ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ትመልሳለህ፣ ሁለተኛውን ታስከትላለህ። ፋታ ከሰጠሃቸው አለቀልህ።

ጭምቱ፦ እሷ መቼ ነው የምትናገረው?

ሊቁ፦ መጨረሻ ላይ። «አዎ» ትላለች።

ጭምቱ፦ እሱን ብቻ?

ሊቁ፦ ልታለቅስም ትችላለች።

(ጭምቱ ጭንቅላቱን ያካል። እሱ ሲያስብ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ውኃ የሚቀዳው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ገመዱ ቶሎ አያልቅም።)

ጭምቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?

ሊቁ፦ አጭር ከሆነ።

ጭምቱ፦ ንግግር የማይሆንለት ሰው... ቃል የሚያጥረው... ልጸልይ ብሎ ተቀምጦ ዝም ብሎ ቢቀር፣ እግዚአብሔር ይሰማዋል?

(ሊቁ ይበሳጫል። በተዘጋጀበት ስብከት ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም።)

ሊቁ፦ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ብላ አትጠይቅም! ምላሷ መቀስ ነው፤ ቃል መቼ አጥሯት ያውቃል?

ጭምቱ፦ እሷን ትቼ ነው የጠየቅኩህ።

ሊቁ፦ እሷን አትተዋ! የማያምን ሰው ሁን አይደል ያልኩህ?

ጭምቱ፦ እሱንማ ነኝ።

ሊቁ፦ አልሆንክም።

ጭምቱ፦ ነኝ እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ አልተዋጣልህም እያልኩህ! የማያምን ሰው እንዲህ አይለሰልስም። ይከራከራል፤ ያሾፋል፤ ደረቱን ይነፋል። አንተ ፍራሽ ሆንክብኝ!

ጭምቱ፦ (እግሩን ወለሉ ላይ አሳርፎ) እየተጫወትኩ አይደለም። እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም። ጌታንም የማውቀው በወሬ ነው።

(ከግድግዳው ማዶ ሲሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፁን አጠፋ።)

ሊቁ፦ ቀልድህን ነው።

ጭምቱ፦ አይደለም።

ሊቁ፦ እንዴት ይሆናል! ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ! ሰኞ በመጣ ቁጥር የእሑዱን ስብከት ከነማሳረጊያው እደግምልሃለሁ። አንተም «እምም» ትለኛለህ። «አሜን» ማለትህ አልነበረም?

ጭምቱ፦ አፌ ውስጥ ምስማር ነበራ።

ሊቁ፦ ምን?

ጭምቱ፦ ምስማር ጋሼ። ጨርቅ ስመታ ምስማሩን የምይዘው በአፌ ነው። ያስተማርከኝ አንተው ነህ። «አንዱ እጅ ጨርቁን ይወጥራል፣ አንዱ እጅ መዶሻ ይይዛል፣ ምስማር በከንፈር» ብለህ። «አሜን» ብልማ እውጠው ነበር።

ሊቁ፦ ስጸልይስ? አንገትህን ደፍተህ አይቼሃለሁ!

ጭምቱ፦ ሞላ እያሰርኩ ነው። ቀና ብሎ ሞላ የሚያስር አለ?

ሊቁ፦ እንባህስ? ስለ መስቀሉ ስነግርህ እንባህ ዱብ ዱብ ሲል በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ለጉባኤውም መስክሬልሃለሁ!

ጭምቱ፦ መዶሻው አውራ ጣቴን አግኝቶኝ ነው። (ጥቂት አስቦ) ወሬው ግን ደስ ብሎኝ ነበር። «እስቲ ይሄን ነገር ድገመው» ልልህ ምስማሩን ከአፌ ለቅሜ እስክጨርስ፣ አንተ ወደ ራእይ ተሻግረሃል።

(ሊቁ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ፤ የወጣውን ሞላ ረስቶት ነበር፣ ሞላው ግን አልረሳውም። ብድግ ብሎ መቀመጫውን እያሸ ቆመ። ሰው ሰውን የሚያጣው በርቀት ብቻ ይመስለዋል፤ ዐይን ግን ተራራውን እያየ የገዛ ሽፋሽፍቱን አያይም። ሊቁ ይህን ለማሰብ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ የተሻለ ሐሳብ መጣበትና ተወው።)

ሊቁ፦ ቆይ! ቆይ ቆይ! እንግዲያው አንተ ወንጌል ያልደረሰህ ሰው ነህ ማለት ነው!

ጭምቱ፦ እሱን እኮ ነው የምለው።

ሊቁ፦ ተመስገን! ሰው ፍለጋ ግድግዳ ስቧጥጥ፣ ለካ ከነመዶሻው እቤቴ ተቀምጦልኛል! ልብስ ሰፊዋ ትቅርብኝ። ነገ አንተን ይዤ እቆማለሁ። ደህና ሸሚዝ አለህ?

ጭምቱ፦ ነገ አይመቸኝም ጋሼ።

ሊቁ፦ በእሑድ ምድር ምን ሥራ አለብህ?

ጭምቱ፦ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

ሊቁ፦ ገብቼ አላውቅም አላልክም?

ጭምቱ፦ አላውቅማ። ነገ ልጀምር ነው። ሰው ጋብዞኝ።

ሊቁ፦ ማነው እሱ በእኔ እርሻ የሚያጭደው?

ጭምቱ፦ ልብስ ሰፊዋ።

ሊቁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) የቷ ልብስ ሰፊ?

ጭምቱ፦ ይቺው፤ ስሆንልህ የቆየሁት።

ሊቁ፦ ታምናለች እንዴ?

ጭምቱ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አለችኝ።

ሊቁ፦ ገባኝ! አንዱ አሳች ጋ ነው የምትሄደው። ቤተ ክርስቲያኗ የት ነው? ንገረኝ፣ ስሕተታቸውን አንድ በአንድ አፈርጠዋለሁ።

ጭምቱ፦ የአንተው ናት።

ሊቁ፦ የእኔ? እኔ እዚያ አይቻት አላውቅም!

ጭምቱ፦ አንተ የፊተኛው ወንበር ላይ ነህ፤ እሷ የኋለኛው ላይ። «ጋሼን ከፊታቸው ይልቅ በማጅራታቸው ነው የማውቃቸው» ብላኛለች።

ሊቁ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅክ ስለፋ ዝም ትለኛለህ?

ጭምቱ፦ ልነግርህ ስል «ቁጭ በልና ሴትዮዋን ሁን» አልከኝ። ሴትዮዋን ከሆንኩ በኋላ ደግሞ የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው አልክ።

(ሊቁ መዶሻ ያነሣል፤ ለምን እንዳነሣው ስላላወቀ መልሶ ያስቀምጠዋል።)

ሊቁ፦ በምን ያዘችህ? በሞቱ ነው የገባችው ወይስ በዓለም ከንቱነት?

ጭምቱ፦ በሱሪ ነው።

ሊቁ፦ በምን?

ጭምቱ፦ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ላሰፋ ሄድኩ። ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ ዛሬ ከፋህ?» አለችኝ። አፌ ውስጥ ምስማር አልነበረም፤ ነገርኳት።

ሊቁ፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ጭምቱ፦ ሰማችኝ።

ሊቁ፦ ከዚያስ?

ጭምቱ፦ ሰማችኝ አልኩህ እኮ። ቶሎም አልጨረስኩ፤ ታውቀኝ የለ። ቅድም አንተን የጠየቅኩህንም ጠየቅኳት። «እኔም ስንቴ አስቤዋለሁ። ና፣ ሄደን አብረን እንጠይቀው» አለችኝ። በቃ።

(ሊቁ ከወለሉ የወንበር እግር አንሥቶ ያገላብጣል።)

ሊቁ፦ (ቀስ ብሎ) ነገ ሁሉም ሰው ሰው ይዞ ሲቆም፣ እኔ ሰብሳቢው ምን ይዤ ልቁም? የወንበር እግር?

ጭምቱ፦ እሷም ስለሱ ተጨንቃለች። ይሄ ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው ጋሼ፤ ስትለማመድባት ስትሰማ ሰንብታለች። «ጋሼ ሰው አጥተዋል መሰለኝ፤ እሳቸውንም ይዘሃቸው ና፣ አብረን እንቁም» አለችኝ።

ሊቁ፦ እኔን? ወንበሩን ሁሉ የደረደርኩትን? በእንግድነት?

ጭምቱ፦ እኔም «እሺ አይሉሽም» ብያታለሁ። ግን... እንደው ለመሆኑ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ስታወራ እሷን በሯ ላይ ሄደህ አናግረሃት ታውቃለህ?

(ሊቁ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ በሩ ያያል። ድምፁ ሲወጣ የሰባኪ አይደለም።)

ሊቁ፦ እውነቱን ልንገርህ? እፈራለሁ።

ጭምቱ፦ ምኑን?

ሊቁ፦ ሰውን ነዋ! መድረክ ላይ ከሆንኩ ሺህ ሰው አልፈራም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ግን የምገባበት ይጠፋኛል። በቀደም እንደምንም ጨክኜ በሯ ድረስ ሄድኩ። ቀና ብላ «ምን ልርዳዎት?» ስትለኝ ስብከቱ ሁሉ ጠፋኝ። ደንግጬ፣ ደህናውን ኮቴን አውልቄ «ሰፍቶኛል፣ አጥብቢልኝ» ብያት መጣሁ።

ጭምቱ፦ ያ ሰፍቶህ ነበር እንዴ?

ሊቁ፦ የት ሰፍቶኝ! ልክክ ያለ ኮት ነበር! አሁን እኮ ለጸሎት እጄን ማንሣት አቃተኝ!

ጭምቱ፦ (እየሳቀ) ለዚህ ነዋ እንደ ዶሮ ክንፍህን ሰብስበህ የምትጸልየው!

ሊቁ፦ አትሳቅ! ደግሞ ቀስ በል፣ እንዳትሰማ...

የልብስ ሰፊዋ ድምፅ፦ (ከግድግዳው ማዶ) ጋሼ! ኮቱን ያምጡት፣ ወደ ውስጥ ያጠፍኩትን ትርፍ ጨርቅ ስላልቆረጥኩት ስፌቱን ፈትቼ አሰፋዋለሁ። ለነገ ይደርስልዎታል!