ቴሌቪዥናችን ጡረታ ሲወጣ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ ቴሌቪዥናችን ጡረታ ሲወጣ በሕልሜ አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ። እኔ ግን እንዳየሁት እናገራለሁ።

በእውኑ ጡረታ የወጣው ባለቤቴ ወንድአፍራሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አምና ቤት ገባ። ሥራ ላይ ሳለ ከቴሌቪዥን የሚያየው የማታውን ዜና ብቻ ነበር፤ እሱንም ቆሞ። ዜናው ሳያልቅ የዋለበትን የመንገድ ወሬ ይጀምርልኛል፤ ማን ከማን ጋር በመቀመጫ እንደተጣላ፣ ማን አንቀላፍቶ ፌርማታው እንዳለፈው። አሁን ግን ከጠዋቱ መዝሙር ጀምሮ የልጆቹንም ፕሮግራም፣ የሰው አገር የአየር ጠባይ ሳይቀር ያያል። ፊልም ላይ መኪና ሲታጠፍ እግሩ ምንጣፉን እንደ ፍሬን ይረግጣል። ከእኔ ጋር ግን ወሬ የለም። ይኼው ሐሳብ ሆኖብኝ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ እኔና ወንድአፍራሽ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ሶፋው ላይ ነው። የባሌን ጋቢ ደርቧል። እግር ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮታል።

«ሥራ ላይ ሳለሁ እናንተን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም» አለ። «ብዙ ነገር አምልጦኛል።»

ከዚያ ያየን ጀመር። እኔ ድንች ስልጥ ጉንጩን በእጁ ደግፎ አየኝ። ሽንኩርት ስከትፍ እሱ አለቀሰ። የጎረቤት ቴሌቪዥኖችም ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ ትንንሾቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ ባለ መዝጊያ የድሮ ቴሌቪዥን ጥቂት እንዳየን መዝጊያውን ዘግቶ አንኮራፋ።

መሃል ላይ ልጄ ስንዱ ማስታወቂያ ሆና ገባች። የምትሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርዱ ያሳስበኛል። «እማዬ፣ ቁርስ በልቻለሁ፤ ሹራቤንም ለብሻለሁ» ብላ ፈገግ አለች። እኔ ይደገም አልኩ። ቴሌቪዥኖቹ ማስታወቂያ በዛ ብለው አጉረመረሙና አለፏት።

ተራው የወንድአፍራሽ ሆነ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ቴሌቪዥኑ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገው። ምንም የለም። ተነሥቶ ባሌን ከጎኑ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፤ እኛ በፊት እሱን እንደምናደርገው። አሁንም ምንም የለም።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ ነው ጌታዬ» አልኩት። ለቴሌቪዥን ጌታዬ ማለቴ በሕልሜም አሳፈረኝ።

ይህን ጊዜ ከውጭ የልዋጭ ነጋዴው ጥሪ ተሰማ። እኛ ዘንድ ልዋጭ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳህን ይሰጣል። እዚያ ግን የሚወስደው ድምፃቸው የጠፋ ባሎችን ነው። ጆንያ አዝሏል፤ ከጆንያው አፍ በደንብ የተወለወለ የሽማግሌ ጫማ ብቅ ብሏል። ቴሌቪዥኖቹ ተማከሩ። ወዲያው ከእግራችን ሥር እንደ ዜናው ያለ ጽሑፍ መሮጥ ጀመረ። እኔ ፊደል የለየሁት ዘንድሮ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ሳልጨርሰው ያመልጠኛል ብዬ ስሠጋ ፊደሎቹ ቆመው ጠበቁኝ። «ይህ ሰው አሁኑኑ ካልተናገረ ለልዋጭ ይሰጣል፤ በምትኩ ባልዲ እንወስዳለን» ይላል።

«ባልዲው ክዳን አለው?» አለ የእኛ ቴሌቪዥን።

ልዋጩ አለው አለ።

እኔ የቴሌቪዥኑ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ባሌ ደህና ነው፣ ዲሹ ዞሮ ይሆናል፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ላስተካክለው ብዬ ለመንኩት። ቶሎ በይ አለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ቆርቆሮው እንደ እሳት ያቃጥላል። ዲሽ የለም። በዲሹ ቦታ የተተከለው የአውቶቡስ መሪ ነው። ወደ ግራ አዞርኩት።

«መጣ?» አልኩ ከላይ።

«አልመጣም» አሉኝ።

ወደ ቀኝ ትንሽ መለስኩት። «አሁንስ?»

«መጣ፤ ግን ይቆራረጣል። ጠጋ ጠጋ በሉ ብቻ ነው የሚለው።»

ልዋጩ ግቢ ገብቶ ጆንያውን ሲያራግፍ ይታየኛል። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ቤታችን በሞላው ታጠፈ። የጎረቤት አጥር በጎናችን እያለፈ ሄደ፤ ታች ቴሌቪዥኖቹ እርስ በርስ ሲላተሙ ተሰማኝ። ከዚያ ሁሉ መሃል የወንድአፍራሽ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ዘርትሁን፣ መሪውን አትነቂው፤ ላላ አድርገሽ ያዥው። አይዞሽ፣ አጠገብሽ ነኝ።»

ልዋጩ እየሮጠ ተከተለን፤ አልደረሰብንም። ባልዲው ከእጁ ወድቆ ቁልቁለቱን ተንከባለለ። እኔ በጣራው ላይ ሆኜ እየነዳሁ አለቀስኩ። ቴሌቪዥኑ ግን የሚያየው ፕሮግራም አለቀና፣ «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ እኛ ማታ ማታ እሱን የምንሸፍንበትን ነጭ ዳንቴል በሁላችንም ላይ ጣለብን።

ነቃሁ። ትከሻዬን የሚነቀንቀኝ ወንድአፍራሽ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

«መብራት ሄደ» አለኝ። «በእንቅልፍሽ ስትጮሂ ነበር። ምን አይተሽ ነው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። በሽንኩርቱ ሳቀ። በባልዲ ሊለወጥ እንደነበር ስነግረው ተቀየመ፤ ለአውቶቡስ ሹፌር ቢያንስ ፍሪጅ ይገባል አለ። እንዲህ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲሰማኝ ከአምና ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዳላስደነግጠው ቀስ እያልኩ አወራለሁ። ጣራው ላይ ወጣሁ። መሪውን ያዝኩ። እሱም ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እሺ፣ ከዚያስ? እኔ ተናገርኩ?» አለኝ።

አፌን ስከፍት የሰፈሩ ልጆች በደስታ ጮኹ፤ ሳሎን ቴሌቪዥኑ መናገር ጀመረ። ወንድአፍራሽ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለልኝ።

«ያዥልኝ» አለ። «መብራት ሲሄድ ትጨርሽልኛለሽ።»