ጋሽ መዝገቡን ከብስክሌት የማውረድ ጥበብ

በየሰፈሩ፣ እረፍት ሲሉት የሰደቡት የሚመስለው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የኮልፌው ጋሽ መዝገቡ ናቸው፤ የዳገት ንጉሥ፣ የኮርቻ ባላባት። ሰባ ሊደፍኑ ትንሽ ቢቀራቸውም ጠዋት ጠዋት ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተት አድርገው፣ "እረፍቱንማ መቃብር ውስጥ እጠግበዋለሁ!" ብለው ይወጣሉ።

ባለቤታቸውን እትዬ ምሥራቅን ግን ቀልዱ አላሳቃቸውም። ከፋሲካ በኋላ ሰውየው በአስኮ መንገድ ዳገት ላይ ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ሐኪሙም፣ "ልብዎ ደክሟል፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ አይውጡት፣ መሃል ላይ እየወረዱ ይረፉ። ሁለተኛ ከወደቁ ብስክሌት የሚባል ነገር ይርሱት" ብሏቸዋል። ሰሙ? ምን ሲደረግ!

ብስክሌቱን መደበቅ ቀላል ነበር። እትዬ ምሥራቅ ግን አልቻሉም፤ በወጣትነቱ ሲወዳደር አይተው የወደዱት ሰው ያለ ብስክሌት ምን ሊሆን ነው? ሲያወጡ ሲያወርዱ የባላቸው ድክመት ትዝ አላቸው። ጋሽ መዝገቡ የድሮ ሰው ናቸው፤ ኮርቻ ላይ ሆነው የቆመ ሰው ሰላም ማለት ነውር ነው። ይወርዳሉ፣ ኮፍያ ያወልቃሉ፣ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ደህንነቷን ይጠይቃሉ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጎሚስታው ቦሩ አለ፤ ከፍ ብላ ደግሞ እሙ ጉሊቷ ላይ ሽንኩርት ትቸረችራለች። እትዬ ምሥራቅ ሁለቱን ለመኑ።

"ጋሼ! እንዴት አደሩ?" ቦሩ ብድግ ይላል።

"ተመስገን! አንተስ? ልጆቹ? ሥራው? ብርዱ እንዴት ያደርጋችኋል?"

እዚያ ተገላግለው ገና ፔዳል ሲረግጡ እሙ ትቀጥላለች።

ጋሽ መዝገቡ እቤት ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነው። "ምሥራቅ፣ ድሮ ከአየር ጤና እስከ አስኮ ሰላም የማይለኝ አልነበረም። ኋላ ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ዘንድሮ ግን ኮልፌ ጠባዩ ተመለሰለት!" እትዬ ምሥራቅ ይስቃሉ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀታቸውን ይበላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ቦሩም እሙም ለቅሶ ሄዱ። እትዬ ምሥራቅ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ጣል አድርገው በባጃጅ ከነፉ፣ እሙ ቦታ ላይም ቆሙ። ጋሽ መዝገቡ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ። የቦሩን ዝግ በር አለፉ። እትዬ ምሥራቅ ሰላም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከድንጋጤ ብዛት ቃል ጠፋቸው። በቃ፣ ሊያልፉ ነው!

ጋሽ መዝገቡ ፍሬን ያዙ። ወረዱ። ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

"እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ? ዛሬ ተረኛዋ እርስዎ ነዎት?"

እትዬ ምሥራቅ ፊታቸው ቀላ። "አንተ ሰውዬ! ታውቅ ነበር?"

"በይ ልጆቹን ጠይቂኝ" አሉ ጋሽ መዝገቡ፣ የባለቤታቸውን እጅ ይዘው። "ደግሞ ቶሎ አትጨርሺ፤ ትንፋሼ ገና አልተመለሰም።"