ሁሉም መንገድ ቅርብ የሆነበት ጨዋታ

በላስታ መንገድ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «እዚህችው ናት፣ ይቺን ጋራ ዞር ስትሉ»። ጋራዋን ትዞራላችሁ፤ ሌላ ጋራ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ውሸት እንዳይመስላችሁ። ደክሞት ለቆመ መንገደኛ «ሩቅ ነው» ማለት በኛ ዘንድ የቀረችውን ጉልበት እንደ መቀማት ይቆጠራል። ስለዚህ መንገዱን ባናሳጥርለት ወሬውን እናሳጥርለታለን። እኔም ሃያ ዓመት በአስጎብኚነት ስኖር ለስንቱ እንግዳ ይህንኑ ብያለሁ።

ፍሬሕይወት ከኔው ጋር የሠራች አስጎብኚ ናት። ጎብኚ የጠፋ ጊዜ እኛ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሰማይ ሰማዩን ስናይ፣ እሷ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጨዋታ ሠራች። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ጽሑፍ ብቻ። ጧፍ ተሸክማችሁ ከላሊበላ ትነሣላችሁ፤ ወዴት እንደምትሄዱ ትጽፋላችሁ፤ ጨዋታው የደረሳችሁበትን ይነግራችኋል፤ በየመንገዱ ሌሎች ተጫዋቾች ያጋጥሟችኋል። ዓላማው ጧፉን ለበዓል ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ነው። የልጅቱ አማርኛ ደግሞ ማር ነው። በእግሬ አብጠርጥሬ የማውቀውን ገደል በእሷ ቃል ሳነበው እንደ አዲስ አስፈራኝ።

ችግሩ ማንም አለመድረሱ ነበር። ሰው በመንገዱ ላይ ካለችው ከብልባላ ወጣ እንዳለ ይጠፋል፣ ይዞራል፣ ይሰለቻል፣ ትቶት ይሄዳል።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ሰው የሄደ ቀን ዘግቼው ኮምቦልቻ ሥራ ፍለጋ እወርዳለሁ» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተጫዋች ብቻ ቀረ። ለእናንተ ልናገር፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሩብኝ፤ በሐሰት ስም የገባሁት እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሰው የመራ ሰው «ከብልባላ ማዶ ጠፋሁ» ብሎ በየትኛው አፉ ይናገራል?

አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘውዴ ለገበያ መጡ። ከብልባላ በአህያ እህል ጭነው ሲመጡ የሚያርፉት እነፍሬሕይወት ቤት ነው። ፊደል ስላልቆጠሩ ልጅቱ ጨዋታውን ታነብላቸው ጀመር። «ጥቂት ሄድ እንዳልክ ትደርሳለህ» የሚለው ላይ ስትደርስ በእጃቸው አስቆሟት።

«ይኼ ለማን የሚነገር ነው፣ ልጄ?»

«ለሚጫወተው ነዋ፣ እትዬ።»

«ለእንግዳ እንዲህ ይባላል፣ ልቡ እንዳይወድቅ። ለነጋዴ ግን አይባልም፤ እህሉን ዝናብ ይመታበታል። ይኼ ሰውሽ ጭነት ይዞ የለም?»

ከዚያ መንገዱን ነጋዴ ለነጋዴ እንደሚነግረው አድርገው ነገሯት። የትኛው ዳገት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ሁለት መንገድ የሚመሳሰለው የት ላይ እንደሆነ፣ ምን ምልክት ከታየ እንደሚታጠፍ። «ደግሞ መንገድ ጀርባ አለው» አሏት፤ «ሲሄድ ያየውን ሲመለስ አያየውም፤ የመመለሻውን ለብቻ ንገሪው»። እኔ ሃያ ዓመት ዓመተ ምሕረት ስሸመድድ ይህን አንድ ነገር አላሰብኩትም። በሴትዮዋ ቀናሁ፤ ከልቤ አደነቅኋቸው።

ፍሬሕይወትም ሁሉንም አፍርሳ እንደገና ጻፈችው። አሁን አንድ ቦታ ስትደርሱ ጨዋታው መጀመሪያ ከየት እንደመጣችሁ ይነግራችኋል፤ ቀጥሎ መንገዶቹን ይቆጥርላችኋል። «ወደ ግራ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ዳገት ነው፣ ውኃ የለውም፤ የጽድ ዛፉ እየበዛ ሲሄድ አልተሳሳትክም። ወደ ቀኝ የሚወርደው የፍየል መንገድ ነው፤ ገደል ላይ ያበቃል» ይላል፣ ያለ ምንም ይሉኝታ። ስትመለሱም የመመለሻው ጽሑፍ ሌላ ነው።

ሰዉ አንዱ አንዱን እየጠራ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በዳገቱ ርዝመት የተከፋ አንድም አላየሁ። የኮምቦልቻም ነገር ሳይነሣ ቀረ።

በቀደም ፍሬሕይወት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ሁሉም ሲሄድ አንድ ሰው ብቻ አልሄደም። በየቀኑ ይገባ ነበር፣ እዚያው ሲዞር ይውል ነበር። እሱ ባይኖር ዘግቼው ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ብርቱ ሰው ነው» አልኳት አንገቴን ደፍቼ።

ምን ብርታት አለ፣ እናንተዬ፤ መውጫው ጠፍቶኝ ነው።